አራት ሜትር እስኪሞላ

ከሐይቁ ዳር ባለችው የአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሴት ከተማው በሙሉ የሚያውቃት «እትዬ ሚሊሜትር» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣላት አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሦስት ሜትር ብሎ ቆርጦ የሰጣትን መጋረጃ ቤቷ ወስዳ ለካችውና በማግስቱ ይዛው መጥታ፣ «ሁለት ሜትር ከዘጠና ሰባት ነው» አለችው። ለሦስት ሳንቲሜትር ብላ ያን ሁሉ መንገድ መመለሷ ገበያውን አሳቀው፤ ስሙም በዚያው ጸደቀላት። እሷ ግን አልከፋትም። ሙያዋ ነዋ። ቁጥር ማድበስበስ አይሆንላትም።

ሥራዋ ለሚያያት ቀላል ነው። በሽቦ አጥር በተከበበ ሜዳ መሀል፣ ከእንጨት ርብራብ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ክብ የብረት ገንዳ አለ፤ የከተማው ሰው «የእትዬ ሚሊሜትር ሳፋ» ይለዋል። ሳፋው ውሃ ተሞልቶ ለፀሐይና ለንፋስ ይተዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጥታ ታጎነብስና ጫፉ የሾለ መንጠቆ ያለበትን መለኪያ ቀስ እያለች ታዞራለች። መንጠቆው ከሥር ተነስቶ የውሃውን ፊት ነካ ሲያደርገው ትቆምና ስንት ሚሊሜትር እንደጎደለ ታነባለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትልም እንዲሁ። ከሳፋው የተነነው ውሃ ከሐይቁ ምን ያህል እየተነነ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ ወደ ሐይቁ ወርዳ ዳር ላይ የተተከለውን ባለ ቁጥር ብረት ታያለች፤ እሱ ደግሞ የውሃውን ከፍታ ይነግራታል። ሁለቱንም መዝገብ ላይ ትጽፋለች። አለቀ።

ባሏ የጀልባ ካፒቴን ነበር። ከከተማው ወደብ ተነስታ ማዶ ላሉት መንደሮች ሰውና ዕቃ የምታመላልስ ነጭ ጀልባ ይነዳል። የተዋወቁትም በዚሁ ሥራ ነው። ጣቢያዋ ከወደቡ በላይ ካለች ጉብታ ላይ ስለሆነች፣ ጠዋት ሞተሩን ሲያሞቅ ቀና ብሎ «ዛሬ ስንት ጠጣብን?» ይላታል። ጠጪው ፀሐይ መሆኑ ነው። «አምስት ነጥብ ስምንት» ትለዋለች። ስድስት ወር ሙሉ ከቁጥር በቀር ሌላ ቃል ሳይለዋወጡ ቆዩ። በሰባተኛው ወር «ቁጥሩን ቁጭ ብለን ብናወራውስ?» አላት፤ እሷም «ሥራዬን ልጨርስና» አለችው። ተጋቡ። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሁለት ሆነው አንድ ቤት ሞሉ።

ጀልባዋ ከወደቡ ለመነሳት ብረቱ ላይ አራት ሜትር ውሃ ትፈልጋለች። ከዚያ ካነሰ ሆዷ ጭቃ ይነካል። ለብዙ ዘመን ይህ የማንም ጭንቀት አልነበረም። በኋላ ግን ሐይቁ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይሸሽ ጀመር፤ አንድ ዓመት በበጋው መጨረሻ ጀልባዋ ቆመች። ካፒቴኑ አንድ ክረምት ጠበቀ። ዘነበ፣ ውሃው ቀና አለ፣ አራት ሳይደርስ ተመለሰ። ሁለተኛውንም ጠበቀ። ከዚያ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ባለ የባሕር ወደብ፣ ትልልቅ መርከቦችን የምትጎትት ጀልባ የሚነዳ ሰው ተፈለገና ሄደ። ሲለያዩ፣ «አራት ሜትር ሲሞላ እመጣለሁ» አላት። «ሳይሞላ ብመጣ ሥራ ፈት ባል ነው የምታገኚው።» ያኔ ብረቱ ላይ ሦስት ሜትር ከአርባ ነበር። ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው።

ካፒቴኑ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ይደውላል። ጤናዋን ይጠይቃል፣ ጣራው ያፈስ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «ስንት ደረሰ?» ይላል። የመጀመሪያውን ዓመት እውነቱን ነገረችው። ሦስት ከሃያ አምስት። ሦስት ከአሥራ ስምንት። ቁጥሩ ሲወርድ የሱም ድምፅ አብሮ ይወርዳል። አንድ እሁድ ድምፁ አላምር ሲላት «ታመሃል እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ደህና ነኝ። እዚህ ውሃው ጨው ነው፤ አልተዋደድንም» አላት።

ሆዷ ባባ። የዚያን ቀን ጠዋት ብረቱ ላይ ያነበበችው ሦስት ሜትር ከአራት ሳንቲሜትር ነበር። «ስንት ደረሰ?» ሲላት ግን ከአፏ የወጣው «ሦስት ከሠላሳ» ሆነ።

ድምፁ ወዲያው ተቀየረ። ሳቀ። ጀልባዋን ምን ዓይነት ቀለም እንደሚቀባት፣ የትኛውን ገመድ እንደሚቀይር አወራት። በሥራ ዘመኗ ሁሉ የመጀመሪያው የውሸት ቁጥሯ ነበር።

ለውሸትም ቢሆን ግን ሥርዓት አታጣም። እንዳትሳሳት ብላ አንድ የተማሪ ደብተር ገዛችና በየእሁዱ ለባሏ የነገረችውን ቁጥር ከነቀኑ ጻፈችበት። በደብተሩ ውስጥ ያለው ሐይቅ ክረምት ሲገባ ይሞላል፣ በበጋ በመጠኑ ይጎድላል፣ ከዓመት ዓመት ግን ይጨምራል። የጣቢያው መዝገብ ላይ ያለው ሐይቅ ዝም ብሎ ይወርዳል። ባለ ቁጥሩ ብረት ደረቅ ላይ ሲቀር ሌላ ብረት ዝቅ ብሎ ተተከለ፤ እሱም ደረቅ ላይ ቀረና ሦስተኛው ተተከለ።

ውሸቱ ሌላ መዘዝ አመጣ። ካፒቴኑ በዓመት አሥር ቀን ፈቃድ አለው። «ልምጣና ልይሽ» ባላት ቁጥር ልቧ በደስታ ዘለል ይልና መልሶ ስንጥቅ ይላል፤ ከመጣ ያየዋላ። ስለዚህ ውሃ የማይቋጥር ምክንያት ትደረድራለች። አንዴ መንገዱ ተበላሽቷል። አንዴ ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው። አንዴ ደግሞ «ፈቃድህን አጠራቅመውና ጀልባዋ ስትነሳ ባንዴ ትመጣለህ» ትለዋለች። እሱም «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ይላል። እሺ ያለበትን ቀን ሙሉ እንባዋ ዓይኗ ጫፍ ላይ ቆሞ ይውላል።

ለሁለት ሰው በሚበቃው አልጋ ላይ አሁንም በግራ በኩል ብቻ ነበር የምትተኛው። የዝናብ ካፖርቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ጨርቁ ላይ የቀረው የሞተር ዘይት ሽታ እየሳሳ ሲሄድ አንገትጌውን ብቻ ማሽተት ጀመረች፤ በኋላም እንዳያልቅባት ብላ በሳምንት አንዴ። ገበያ ውስጥ ትከሻው ሰፋ ያለ ሰው ከፊቷ ሲሄድ ካየች ሳይታወቃት እርምጃዋ ይፈጥናል። አንዳንድ ጠዋት ሳፋው ላይ አጎንብሳ ሳለ ታች ሞተር የተነሳ ይመስላትና ቀና ትላለች፤ ታች ግን ፍየሎች የሚግጡበት ደረቅ መሬት ብቻ ነው።

ይህንን ሁሉ የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ የድሮዋ የጀልባ ቲኬት ቆራጭ። ጀልባዋ ስትቆም የቲኬት መቁረጫዋን ክፍል ሻይ ቤት አድርጋው እዚያው ወደቡ ላይ ቀርታለች። ምላሷ እንደ ምላጭ ነው።

«የሌላ ሴት ባል ነው ውሃ ሽታ ሆኖ የሚቀረው» ትላታለች። «ባንቺ ቤት ግን ውሃው ራሱ ውሃ ሽታ ሆነ።»

እትዬ ሚሊሜትር ትስቃለች። ቲኬት ቆራጯ ግን ሳቁን አታስጨርሳትም፤ «ንገሪው በቃ። ሰውየውን በቁጥር አስረሽ አስቀመጥሽው» ትላታለች።

«ብነግረው ይቀራል።»

«አሁንስ መጥቷል እንዴ?»

ባለፈው በጋ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ኢንጂነር መጣ። ከተማው የሚጠጣው ውሃ የሚሳበው ከዚሁ ሐይቅ ነውና የመሳቢያው ቱቦ አፍ ከውሃ በላይ ሊቀር ደርሶ ነበር፤ ምክንያቱን እንዲያጠና ተልኮ ነው። መዝገቦቿን ሁለት ቀን ሲያገላብጥ ቆየና በሦስተኛው ቀን መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አላት። «የርስዎ ቁጥር ከሌሎቹ ጣቢያዎች ይበልጣል። ድሮ በበጋ በቀን ስድስት ሚሊሜትር ነበር የሚጎድለው። አሁን ሰባት ተኩል፣ አንዳንዴም ስምንት ይላሉ። ሳፋው ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ወይ ውሻ እየገባ ይጠጣ ይሆናል። ወይ ደግሞ...»

«ወይ ደግሞ ዓይኔ ደክሟል።»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ልትል ነበር» አለችው፤ ግን አልተቆጣችም። «ሽቦ ቆርጦ ገብቶ፣ ጠጥቶ፣ ሽቦውን መልሶ ሰፍቶ የሚወጣ ውሻ ካለ እንጃ። እኔ የማውቀው ሳፋዬን ፀሐይና ንፋስ እንደሚጠጡት ነው። ካላመንክ ለካው።»

እሱም ለካ። ከአሮጌው ሳፋ አጠገብ አዲስ ሳፋ አስተከለ፤ በድርብ አጥር አሳጠረው፣ በራሱ የሚያነብ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ገጠመለትና በሩን ቆለፈው። አሥራ አራት ቀን ጠዋት ጠዋት እሷ አሮጌውን በመንጠቆዋ፣ እሱ አዲሱን በመሣሪያው ያነቡና ያስተያያሉ። በዚያ ሰሞን ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳሳት አማራት። ሳፋው ቀዳዳ ቢሆን፣ ዓይኗ የደከመ ቢሆን፣ ሐይቁም የሸሸው ለጊዜው ቢሆን። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ይህንን እያሰበች ትሄድና ጠዋት መንጠቆዋን ስታዞር እንደ ወትሮው ትጠነቀቃለች። እጇ ሌላ አያውቅም።

በመሀሉ እሁድ መጣ። በደብተሩ ውስጥ ያለው ሐይቅ ያኔ ሦስት ሜትር ከሰማንያ አምስት ደርሶ ነበር። እሱንም ነገረችው።

«አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ቀረው በይኛ» አለ ካፒቴኑ ደስ ብሎት። «መጪው ክረምት ይሞላዋል። እኔም ያንን አስቤ የአንድ ዓመት ውል ፈረምኩላቸው። የመጨረሻዬ ነው። ከዚያ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ።»

«እሺ» ብቻ አለች።

በአሥራ አራተኛው ቀን ኢንጂነሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሷ ንባብና የመሣሪያው ንባብ በድምሩ በአንድ ሚሊሜትር እንኳ አልተለያዩም። ብድግ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

«ዝናቡ ያው ነው እትዬ» አላት መልሶ ሲቀመጥ። «የሠላሳ ዓመቱን አየሁት፤ ሲበዛም ሲያንስም ቆይቶ ያው ነው። ወንዞቹም የሚያመጡት አልቀነሰም። የበዛው መውጫው ነው። አየሩ ሞቀ፤ የሞቀ አየር ደግሞ ጥሙ አይቆርጥለትም። ውሃውም ራሱ ሞቋል። ድሮ ሌሊት ሌሊት ትነቱ ያርፍ ነበር። የርስዎ የጠዋት ንባብ እንደሚያሳየው አሁን ሌሊትም አያርፍም። በየቀኑ የሚጨምረው አንድ ሚሊሜትር ተኩል ምንም አይመስልም፤ በሐይቁ ስፋት ሲያሰሉት ግን ከተማው ከሚጠጣው ይበልጣል።»

«ተመልሶ አራት ሜትር ይሞላ ይሆን?»

ኢንጂነሩ ወረቀቱን አጣጠፈ። «አንድ ሁለት ጥሩ ክረምት ከመጣ ትንሽ ቀና ይላል። አራት ሜትር የሚሉትን ግን እኔ በዕድሜዬ አልጠብቀውም።»

ከቢሮው ወጥታ ቲኬት ቆራጯ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። ሻዩ ፊቷ ቀዘቀዘ። ቲኬት ቆራጯ የቀዘቀዘውን ደፍታ ሌላ ቀዳችላትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

እሁድ ስልኩ ጮኸ። ስለ ጤናዋ ጠየቀ፣ ስለ ጣራው ጠየቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስንት ደረሰ?»

«አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት።»

«ሦስት ማለትሽ ነው?»

«አንድ ነው። አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሽቼሃለሁ። እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አይደለም። አይሞላም አሉኝ።»

ከወዲያ በኩል የመርከብ ጥሩምባ ተሰማ።

«ጀልባዋስ?» አለ በመጨረሻ።

«ደረቅ ላይ ናት። ከውሃው ርቃለች።»

ስልኩ ተዘጋ። በሚቀጥለው እሁድ አልደወለም። በሦስተኛው እሁድ እሷ ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው። የፈራችው እንደደረሰባት ቆጠረችው፤ ልብስ ስታጥብ፣ መዝገብ ስትጽፍ፣ መንገድ ስታቋርጥ «ይኸው ቀረ» ትላለች ለራሷ። እህል አልወርድ አላት። ሥራዋን ግን አንድም ቀን አላጓደለችም።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ሳፋው ላይ አጎንብሳ መንጠቆውን እያዞረች ሳለ የአጥሩ በር ሲጢጥ ሲል ሰማች። መንጠቆው ገና የውሃውን ፊት አልነካም። «አንዴ ቆይ» አለች ቀና ሳትል። የገባው ሰው ቆመ። አነበበች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ዞረች።

ካፒቴኑ ነበር። ሻንጣውን መሬት ላይ አድርጎ ቆሟል። ጢሙ ሸብቷል፣ ከስቷል፣ ፊቱን የባሕር ፀሐይ አጥቁሮታል።

«ጨርሰሻል?» አላት።

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ውሰጂኝና ልየው።»

ከወደቡ ወረዱ። ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ ጥላዋ ሥር ፍየሎች ተኝተዋል፤ ቀለሟ ተልጧል። ጎኗን በመዳፉ አንዴ ዳበሳትና አለፈ። ውሃው ጋ ለመድረስ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተራመዱ። ድሮ ሰው ሲያሻግር ከላዩ ያልፍበት በነበረው መሬት ላይ ካፒቴኑ አሁን በእግሩ ሄደ። ዳር ደርሰው እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሲሰጥም ቆሙ።

«ተናድደህብኝ ነው ሳትደውል የቀረኸው?» አለችው።

«የመጀመሪያውን ሳምንት ተናድጄ ነው። ሁለተኛውን አፍሬ። ሦስተኛውን ፈቃድ እያስፈረምኩ።»

«አንተ በምን ታፍራለህ?»

«አራት ሜትር የሚለውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኛ። እንደ ቀልድ ተናግሬ።»

«ብነግርህ ትቀራለህ ብዬ ነው» አለችው። «ውሃው ከሌለ ደግሞ ምን ሊያመጣው ብዬ።»

ዞሮ አያት። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ለውሃው ነው የምመጣው? አይሞላም ብትዪኝ ኖሮ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። መኪና መንዳት ተምሬም ቢሆን፣ በር ላይ ዘበኛ ሆኜም ቢሆን እዚሁ እኖር ነበር። ይሞላል ስላልሽኝ ነው የጠበቅኩት። ትንሽ ቀረው፣ ትንሽ ቀረው እያልኩ።»

እትዬ ሚሊሜትር ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ዓመት አልቅሳ የማታውቀውን አለቀሰች። እሱም ልብሱን ሳይሰበስብ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ትከሻው ትከሻዋን ነካ።

ቤት ሲገቡ ደብተሩን አውጥታ ሰጠችው። መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበ። አንዳንዱ ቁጥር ላይ ጣቱን ያሳርፋል። «ይቺን ቀን አስታውሳለሁ» ይላል። «ይቺን የሰማሁ ቀን ለመርከበኞቹ ሁሉ ሻይ ጋብዣለሁ።» ሲጨርስ ደብተሩን ዘጋና «ጥሩ ሐይቅ ነበር» አለ። «ሦስት ዓመት የኖርኩት እዚህ ላይ ነው።»

ያጠራቀመው ፈቃድ ሠላሳ ቀን ነበር። በነዚያ ቀናት ኢንጂነሩ የመሳቢያ ቱቦውን አፍ ወዴት እንደሚያዞር ግራ ገብቶት ነበርና ካፒቴኑ ረዳው። ሐይቁ ሳይፈጠር በፊት ወንዝ የሄደበት ጥልቅ ቦይ ከሥር እንዳለ፣ የት የት እንደሚታጠፍ በልቡ ያውቃል። በመቅዘፊያ ታንኳ ገብተው፣ ድንጋይ ያሰሩበትን ገመድ እየጣሉ ጥልቀቱን ለኩና ቦዩን አገኙት። ኢንጂነሩ ቱቦው ሲዘረጋና በየጊዜው ጥልቀቱ ሲለካ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ነገረው፤ ቦታው ይጠብቅሃል አለው። ካፒቴኑ ማታ ማታ እጁ ተላልጦ ሲገባ እሷ ቅባት ትቀባዋለች፤ ሁለቱም የቀሩትን ቀኖች ላለማንሳት ይጠነቀቁ ነበር።

ውሉ ግን ውል ነው። የፈረመው ዓመት ገና ዘጠኝ ወር ይቀረዋል፤ ቃሉን ሰጥቷል፣ የሚተካውም ሰው የለም። ሄደ።

አሁን እሁድ ሲደውል እውነቱን ትነግረዋለች። አንድ ከሰማንያ ስምንት። አንድ ከሰማንያ አራት። እሱም «እሺ» ይልና ሌላ ነገር ያወራል። ናፍቆቷ ግን እንዳሰበችው አልቀለለም። ድሮ ጉም ውስጥ እንዳለ ነገር ነበር፣ ጠርዙ አይታይም። አሁን ቀን ተቆርጦለት በየጠዋቱ ከጎኗ ይነቃል። የሰው ድምፅ ከስልክ ሲመጣና ከጓዳ ሲመጣ ልዩነቱን ሠላሳ ቀን አስታውሷታል።

በአራተኛው ወር አልቻለችም። ለዋናው መሥሪያ ቤት የፈቃድ ማመልከቻ ጻፈች፤ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። «እርስዎ ሲሄዱ ማን ይለካል?» የሚል መልስ መጣ። ኢንጂነሩ በመሀል ገብቶ «መሣሪያው ይለካል» አላቸው። ይህንን ስትሰማ ትንሽ ከፋት፣ ትንሽ ደግሞ ቀለላት።

«ሂጂ በይ» አለቻት ቲኬት ቆራጯ ሻንጣዋን ስታስር እየረዳቻት። «ፀሐይዋ እንደሆነች አንቺ ካላየሻት አልጠጣም አትልም።»

ሁለት ቀን ተጓዘች። በመጀመሪያው ቀን ያየችው አገር ሁሉ ደርቆ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አየሩ ከበዳት፤ ክንዷ ላይ እርጥበት ተለጠፈ። እዚህ ሳፋ ቢቀመጥ እንደኛው አይጎድልም ብላ አሰበች፤ አየሩ ጠጥቶ ጠግቧል። ወዲያው በዚህ ማሰቧ ራሷን አሳቃት።

አውቶቡሱ ወደ መናኸሪያው ሲታጠፍ አየችው። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ቀድሞ የገባ ሌላ አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ የሚወርዱትን አንድ በአንድ ያያል። የመጨረሻዋ ሴትዮ ስትወርድ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ባዶ ነበር። መስታወቱን በጣቷ ብታንኳኳ አልሰማትም።

ተነሳች።

«እናት ይቀመጡ፣ ገና አልቆምኩም» አላት ሹፌሩ።

አልተቀመጠችም። ሻንጣዋን እቅፍ አድርጋ፣ ያገኘችውን መቀመጫ ሁሉ እየተደገፈች ወደ በሩ ሄደች።